ሁለት አገር፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ

የገዛነው የሳፋሪ፣ የዱር እንስሳት ጉብኝት፣ ማስታወቂያ «ሁለት አገር፣ አንድ ሜዳ» ይላል። ሥሩ ፎቶ አለ። አቧራ፣ ወንዝ፣ ወንዙ ውስጥ የሚዘሉ እንስሳት። ስድስት ሌሊት ነው፤ ሦስቱ ኬንያ ማሳይ ማራ፣ ሦስቱ ታንዛኒያ ሰሜን ሰረንጌቲ። ሜዳው አንድ መሆኑ እውነት ነው። ያልነገሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ እንደምንውል ነው። ያም ሆኖ በዚያ ቀን ሰረንጌቲ አልደረስንም።

ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን የተነሳ ነው። ስለሌላው ቀን ማንም ይጽፋል። አንበሳ አየን፣ ዝሆን አየን፣ ፀሐይ ጠለቀች። እኔ ግን ሃያ ዓመት ገደማ በትራንዚተርነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው የጉምሩክ መስኮት ፊት ቆሜ ነው። ሰው ሳፋሪ ሄዶ ነብር ይፈልጋል፤ እኔ ኬላ ሳይ ነው ዓይኔ የሚበራው። አብሮኝ የሄደው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ስለ ድንበር አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያለው፦ «ይዘጋ!» ስለዚህ ከእንስሳቱ እኩል ስለ ድንበር ስናወራ ከረምን።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ጉዞ የሚሸጡ ብዙ ናቸው፤ ችግሩም የነሱ ብቻ አይመስለኝም። ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ይበቃኛል።

ከድሮኑ ልጀምር። ወንድሜ ለዚህ ጉዞ ብሎ አዲስ ድሮን ገዝቷል። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ፈቃድ ይፈልጋል» አልኩት። «እትዬ፣ መጫወቻ እኮ ነው» አለኝ። ናይሮቢ ስንደርስ ሻንጣው በማሽን አለፈ። የጉምሩክ ሠራተኛዋ በትሕትና ጠራችው። ኬንያ ያለ ፈቃድ ድሮን አይገባም። ደረሰኝ ጻፈችለት፣ ድሮኑን አሸገች፣ «ከአገር ስትወጣ ደረሰኙን ይዘህ ትወስዳለህ» አለችው። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። እኔ የሠራተኛዋን ሥራ እያየሁ በልቤ አጨበጨብኩ። እሱ ግን አኮረፈ። «እኔን ነው እንዴ የሚፈትሹት?» ይላል። ድርጅቱ በላከልን ባለ አራት ገጽ መመሪያ ላይ ስለ ባርኔጣና ስለ ፀሐይ ቅባት ግማሽ ገጽ አለ። ስለ ድሮን አንድ መስመር የለም። «ከአገር ስትወጣ» የሚለውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማሳይ ማራ የነበረን ጊዜ ጥሩ ነበር። መኪናው ጣሪያው ወደ ላይ የሚነሳ ላንድክሩዘር ነው። ስድስት ተሳፋሪዎች ነን፤ እኛ ሁለታችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ ሁለት ጓደኛሞች ወጣት ሴቶች። ሁሉም ሰው የራሱ መስኮት አለው። ይህን ስትይዙ ጠይቁ፤ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳፋሪ የሰው ጀርባ መጎብኘት ነው። ስልክ መሙያው ከአራቱ ሁለቱ ብቻ ይሠራል። ካምፑ ድንኳን ቢሆንም አልጋው ደህና ነው፣ ሙቅ ውኃው በሰዓቱ ይመጣል። ምሳው ግን ሦስቱንም ቀን አንድ ዓይነት ነው፤ ደረቅ ዶሮ፣ ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል።

ሹፌራችን፣ አስጎብኚም እሱው ነው፣ የዚህ ጉዞ ትልቁ ሀብት ነበር። እኔን «ማማ» ነው የሚለኝ። ማታ ማታ «ነገ ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ብሎ ያሰናብተናል። አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ፈረንጆቹ እኩለ ቀን መስሏቸው ግራ ተጋቡ። እኔና ወንድሜ ግን ሳቅን። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ 12፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጠሮውን ለሌሎቹ የምንተረጉመው እኛ ሆንን።

ጎብኚውን ሁሉ ማራ የሚያመጣው ኙምቡ ነው። በእንግሊዝኛው ዊልድቢስት የሚባለው። ፊቱ ረጅም፣ ጢሙ የተንጠለጠለ፣ ከኋላ ሲያዩት የተለየ እንስሳ የተቀጠለበት የሚመስል። ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋ ኙምቡ፣ ከሱ ጋር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የሜዳ አህያና ሚዳቋ፣ ዝናብና ሣር ተከትሎ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። በጃንዋሪና በማርች መካከል ደቡብ ላይ ንዱቱ አካባቢ ይወልዳል። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ሰሜን ላይ ማራ ወንዝን ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። እኛ የሄድነው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ዋናው ሰሞን። ዋጋውም እንደ ሰሞኑ ነው። ማራ መግቢያው ነዋሪ ላልሆነ አዋቂ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር ነው፤ በቀሪው ግማሽ ዓመት 100። ትኬቱ ለ12 ሰዓት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ድርጅቱ ይህን በጥቅሉ ውስጥ አካትቶታል፤ የናንተም መካተቱን በጽሑፍ አስረግጡ።

በሁለተኛው ቀን መሻገሪያው ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። መንጋው ወንዙ አፋፍ ድረስ ይመጣል፣ ያሸታል፣ ይመለሳል። አንዱ ደፍሮ እስኪገባ ሁሉም ይፈራል። ከታች አዞዎቹ ግንድ መስለው ተኝተዋል። ስጠብቅ መኪና ቆጠርኩ፤ የሥራ ልማድ ነው። 43። አንዳንዶቹ ለፎቶ እንዲመች ብለው እንስሳቱ የሚወርዱበት ቁልቁለት አፍ ላይ ቆመዋል። መሪዎቹ ኙምቡዎች ሁለት ጊዜ መኪና አይተው ተመለሱ። የኛ ሹፌር ከአፋፉ ርቆ ቆመ። ወጣቶቹ ልጆች ትንሽ ቀረብ እንዲል ለመኑት። «እኔ ከተጠጋሁ እነሱ አይሻገሩም፤ እናንተም ምንም አታዩም» አላቸው። ልክ ነበር። ሲሻገሩ ሃያ ደቂቃ የፈጀ የውኃና የአቧራ ጩኸት ሆነ። አንዲት ግልገል አዞ ያዛት። ፈረንጇ እናት ፊቷን ሸፈነች። ወንድሜ ቪዲዮ መቅዳቱን ረስቶ ፈዞ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሹፌራችን ወደ ደቡብ ነዳን። ሳንድ ሪቨር የሚባል ወንዝ አለ፤ ስሙ እንደሚለው አሸዋው ከውኃው ይበልጣል። ከወንዙ ባሻገር ትንሽ የድንጋይ ምልክት ቆሟል። «ይሄው ድንበሩ» አለን። አጥር የለም። ወታደር አይታይም። አንድ ከርከሮ ጭራውን አቁሞ ከታንዛኒያ ወደ ኬንያ ሮጠ። «እነሱ ፓስፖርት አይጠየቁም» አለ ሹፌሩ። ቀልዱን ስንት ሺህ ጊዜ እንደተናገረው ያስታውቃል። ቢሆንም ሳቅንለት።

እኔ ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ሣር የበላው የመኪና መንገድ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰረንጌቲ ይሄዳል። ጠየቅኩት። ድሮ ጎብኚ በዚህ ያልፍ ነበር። ወዲያ ማዶ ቦሎጎንጃ የሚባለው ኬላ ላይ ማኅተም ተመትቶለት እዚያው ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች። በ1983 ዋናዎቹ መንገዶች ተከፈቱ። ይሄኛው ለጎብኚ አልተከፈተም። ማኅበረሰቡ ራሱ በ2000 ዳግም ሥራ ጀምሯል፤ መንገዱ ግን እስካሁን ሣር ለብሷል።

መስመሩ ራሱ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1886 እንግሊዝና ጀርመን ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ አሰመሩት። ካርታ ላይ ብታዩት ቀጥ ያለ ነው፤ ኪሊማንጃሮ ጋ ብቻ ጎበጥ ይላል። በማስመሪያ ያሰመረ ሰው ሜዳውን አላየውም።

ወንድሜ እዚያው ጀመረ። «ክፍት መሆኑ ነው ችግሩ። ማንም ገብቶ ይወጣል። አጥር ቢኖር አዳኙም፣ ኮንትሮባንዲስቱም፣ ከብት ሌባውም አያልፍም ነበር።»

የሱን ሐሳብ አልንቅም። አዳኝ አለ። የቀንድና የጥርስ ነጋዴ አለ። ማራ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ባለው የሬንጀሮች፣ የፓርክ ጠባቂዎች፣ ጣቢያ በር ላይ የተቆለለ ሽቦ አይተናል። ወጥመድ ነው። የሽቦ ቀለበት ሠርተው ቁጥቋጦ ውስጥ ያንጠለጥሉታል፤ ኙምቡው በአንገቱ ይገባል፣ በታገለ ቁጥር ይጠብቅበታል። ክምሩ እስከ ወገቤ ይደርሳል። እዚያ ያገኘነው ሬንጀር እንደነገረን እነሱና የሰረንጌቲዎቹ በሬዲዮ ይገናኛሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አዳኙ መስመሩን ሲሻገር ወዲያኛው ይቀበለዋል። ማራ ትራያንግል የሚባለው የምዕራቡ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በተለየ አስተዳደር ሥር ነው፤ ይህ የጋራ ጥበቃም ዋና ሥራው ነው። «እንግዲህ እትዬ፣ ጥበቃ ያስፈልጋል እያልሽ ነው» አለኝ ወንድሜ። ጥበቃማ ያስፈልጋል። እኔ የምለው አጥርና ጥበቃ አንድ አይደሉም ነው።

በኛ ሥራ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚባል መስመር አለ። ዕቃው ከማን መጣ፣ ከየት መጣ፣ ከዚህ በፊት ምን አደረገ ተብሎ ይመዘናል። አረንጓዴ ያልፋል፣ ቢጫ ሰነዱ ይታያል፣ ቀይ ይፈታል። ይሄ ከመምጣቱ በፊት ሁሉም ካርቶን ይፈታ ነበር። ታዲያ ኮንትሮባንድ ቀረ? አልቀረም። መቶ ካርቶን ሲፈታ የዋለ ፈታሽ መቶ አንደኛው ላይ ሲደርስ እጁ ዝሏል፤ ሌባውም የሚያመጣው ያን ጊዜ ነው። እዚህም ያው ነው። ሽቦውን የሚያገኘው ቁጥቋጦውን የሚያውቅ ሬንጀር ነው።

አጥር ደግሞ ዋጋ አለው። ቦትስዋና ውስጥ ኩኬ የሚባል አጥር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 አፍተግር የሚባለው በሽታ ከዱር እንስሳ ወደ ከብት እንዳይተላለፍ ተብሎ ተሠራ። ድርቅ ሲመጣ ወደ ውኃ የሚሄዱት ኙምቡዎች አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። በ1980ዎቹ ብቻ በአሥር ሺዎች አለቁ። ይሄን ስነግረው ወንድሜ ዝም አለ። ዝም ያለው ተስማምቶ ይሁን ጅብ አይቶ አላውቅም፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ጅብ እያለፈ ነበር።

አሁን ወደ ድንበሩ ቀን።

ከካምፓችን ሳንድ ሪቨር ሩቅ አይደለም። እዚያ መሻገር ስለማይቻል ግን ወደ ምዕራብ ዞርን። ማራ ወንዝን በድልድዩ ተሻግረን፣ በኦሎሎሎ በር ወጥተን፣ ሎልጎሪያንን፣ ኪልጎሪስን፣ ሚጎሪን አልፈን ኢሰባኒያ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሌላው አማራጭ በስተምሥራቅ ባለው በናማንጋ ኬላ መዞር ነው፤ እሱ ይብሳል።

ለኢሰባኒያ ኬላ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። የአንድ መስኮት ኬላ ነው፤ በዚያኛው በኩል ሲራሪ ይባላል። ድሮ ቢሆን ኬንያ ሕንፃ ገብተህ መውጫ ትመታለህ፣ በእግርህ ታቋርጣለህ፣ ታንዛኒያ ሕንፃ ገብተህ እንደገና ትሰለፋለህ። አሁን የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የኬንያው መውጫ መታልኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄድኩ፣ የታንዛኒያዋ አሻራዬንና ፎቶዬን ወስዳ መግቢያ መታችልኝ። ቪዛውን በኢንተርኔት ቀድመን ጨርሰናል። ስድስታችንም በ35 ደቂቃ አለቅን። ወንድሜ ራሱ «ይሄማ ጥሩ ነው» አለ። ከጎኔ የነበረውን መኮንን ስለ አሠራሩ ሦስት ጥያቄ ጠየቅኩት፤ ሦስቱንም ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። የሙያ ነገር ሲያወሩት ደስ የማይለው ሰው የለም።

ጤና ጠረጴዛው ላይ የቢጫ ወባ ካርድ ታየ። የድርጅቱ መመሪያ «ካርዱ አሥር ዓመት ካለፈው ይታደስ» ይላል። ወንድሜ ስለዚህ ድጋሚ ተወግቷል። የኔ ካርድ አሮጌ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። ሠራተኛዋ አይታ መለሰችልኝ። ከጁላይ 2016 ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ነው። ወንድሜ ክንዱን እያሻሸ አየኝ። አንድ መመሪያ በዓመታት ካልታደሰ ምን ዋጋ አለው?

ቀጥሎ ፌስታል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከጁን 2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ኬንያ ከዚያ በፊት በኦገስት 2017። ይህም መመሪያው ላይ የለም። ከወጣቶቹ አንዷ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ነበር። አውጥታ ጥላ ጫማውን በእጇ ይዛ ወጣች።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ችግሩ ከኬላው ውጭ ነበር። የኬንያ አስጎብኚ መኪና ታንዛኒያ ፓርክ ገብቶ አያስጎበኝም፣ የታንዛኒያውም እንዲሁ። ስለዚህ ድንበር ላይ መኪናና ሹፌር ይቀየራል። እኛ ይህን ያወቅነው እዚያው ነው። «ማማ፣ እኔ እዚህ ድረስ ነኝ» አለኝ ሹፌራችን። ሁሉም ሰው ደነገጠ። ጉርሻውን እንኳ በሥርዓት አላዘጋጀንም፤ የመኪና ማቆሚያው ላይ ኪሳችንን ስንዳብስ ቆየን።

የሚቀበለን የታንዛኒያ መኪና አልመጣም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ሹፌራችን ትቶን መሄድ ሲችል አብሮን ተቀመጠ። ስልክ ይደውላል፣ ይበሳጫል፣ ለኛ ፈገግ ይላል። በኋላ ሲገባን ድርጅቱ ለታንዛኒያ አጋሩ መክፈል የነበረበትን ገንዘብ አልላከም፤ መኪናው ድንበሩ አጠገብ ባለችው የታንዛኒያ ከተማ፣ ታሪሜ፣ ቆሞ ክፍያ እየጠበቀ ነበር። የመጣው ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ነው። እንግዲህ አስሉት። ሁለት መንግሥታት እኛን ለማሳለፍ የፈጀባቸው 35 ደቂቃ ነው። ሁለት ድርጅቶች ለመነጋገር የፈጀባቸው ሁለት ሰዓት ከአርባ።

ታሪሜን አልፈን ሙጉሙ ስንደርስ ማታ 12 ተኩል ሆኗል። የፓርኩ በር በ12 ይዘጋል። ከፓርክ ውጭ አንድ ማረፊያ ተፈልጎልን አደርን። ደግነቱ አልጋው ንጹሕ ነበር። ሦስት የሰረንጌቲ ሌሊት ሁለት ሆነ። የአንዷን ሌሊት ሂሳብ መልሱልን ብለን ጽፈናል። «እየተመለከትነው ነው» የሚል መልስ መጥቷል።

በማግስቱ ሰሜን ሰረንጌቲ ገባን፣ ኮጋቴንዴ። እዚህ ላይ ሐሳቤ ተናወጠ።

ቦታው ያው ሜዳ ነው፣ ወንዙ ያው ማራ ነው። ግን ጸጥ ያለ ነው። ሰረንጌቲ ወደ 14,763 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ማሳይ ማራ 1,510። ሰዉ ይበተናል። መሻገሪያው ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። መኪና ቆጠርኩ። ዘጠኝ። መንጋው ያለ ምንም ግርግር ወረደ። የአዞውን ጅራት ውኃውን ሲመታ ሰማሁት። ማራ ላይ እንደዚህ ያለ ድምፅ አልሰማሁም፤ የሞተርና የሰው ጩኸት ነበር። (ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ ግን አትልበሱ፤ ዛፍ የበዛበት ቦታ ቆላ ዝንብ አለ፣ እነዚህን ቀለሞች ትወዳለች። ወንድሜ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ዋለ። ስለ እሱ ሌላ አልጨምርም።)

አዲሱ ሹፌራችን ዝምተኛ ነው። ስለ ሳንድ ሪቨር መንገድ ስጠይቀው ግን ተናገረ። «ቢከፈት ምን ይሆናል መሰለሽ? ጎብኚው ኬንያ ያድራል፣ ኬንያ ይበላል፣ ጠዋት መጥቶ ሰረንጌቲን ዞሮ ማታ ይመለሳል። እኛ ጋ የሚቀረው የመግቢያ ትኬትና አቧራ ነው።» ከዚያ ወደ ወንዙ እያየ «እነዚያ መኪናዎች ሁሉ ደግሞ እዚህ ይመጣሉ» አለ።

ወንድሜ ሦስት ቀን ሙሉ የደኅንነት ጉዳይ ነው ብሎ የተሟገተለት ድንበር የገበያ ጉዳይ ሆኖ አረፈው። እኔ ደግሞ «መክፈት ሲቻል ለምን ይዘጋል» ስል ነበር። 43ቱን መኪና አስታወስኩ። ነገ ጠዋት ከፊቴ ቢሰለፉ ደስ ይለኛል? አይለኝም። የተዘጋው ኬላ ማንም አስቦበት ባይሆንም ይህን ጸጥታ እየጠበቀ ነው። ለጊዜው ይቅር።

ግን አንድ ነገር እላለሁ። ኢሰባኒያ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሠራተኞች ሳንድ ሪቨር ዳር አንድ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አያቅታቸውም። በቀን ሃያ መኪና ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የለም፤ እዚያው የሚያድር ብቻ ይለፍ። ካላጋዲ ላይ ተሠርቷል። ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2000 ፓርኮቻቸውን አንድ አደረጉ። በመሀል አጥር የለም። በገባህበት አገር በኩል ከወጣህ ማኅተም አያስፈልግህም፤ በሌላኛው በኩል የምትወጣ ከሆነ ፓስፖርትህ ይታያል። ድንበሩ አልጠፋም። ጠረጴዛው ብቻ የሚመች ቦታ ላይ ተቀመጠ። ይሄንን ወንድሜም «ያስኬዳል» ብሎታል። ከሱ አፍ ትልቅ ነገር ነው።

እስከዚያ ድረስ ሁለቱን አገር አንድ ላይ ለማየት ለምታስቡ፦ የድንበሩን ቀን እንደ ጉብኝት ቀን አትቁጠሩት። ገንዘብ ካላችሁ ከማራ ሚጎሪ ድረስ በትንሽ አውሮፕላን በሮ፣ ኢሰባኒያን በመኪና ተሻግሮ፣ ከታሪሜ ወደ ኮጋቴንዴ እንደገና መብረር ይቻላል፤ ቀኑ ይተርፍላችኋል። ለትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሻንጣው ለስላሳ መሆን አለበት፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ኪሎ አይበልጥም። ይህን ድርጅቱ በትክክል ነግሮናል፤ ምስጋና ይገባዋል። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ የሚቀበላችሁን ሹፌር ስልክ ቀድማችሁ ያዙ፣ ክፍያው እንደተላከ ጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ሹፌር ጉርሻ ፖስታ ውስጥ አዘጋጁ። አንዱን አገር ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ኮጋቴንዴ ነው የምላችሁ። ድመት ዘር የምትወዱ ግን ማራን አትዝለሉት፤ በአንድ ጠዋት አንበሳ፣ አቦሸማኔና ነብር ያየነው እዚያ ነው።

ድርጅቱ በመጨረሻው ቀን የአስተያየት ቅጽ ሰጠን። ለመኪናው ከአምስት አራት። ለካምፖቹ አራት። ለምሳው ሁለት፣ እሱም ለእንቁላሉ። ለሁለቱ ሹፌሮች አምስት አምስት። ስለ ድንበሩ ቀን የሚጠይቅ ሳጥን የለም። ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ፤ ጀርባውም አልበቃኝም።

ከኮጋቴንዴ በትንሽ አውሮፕላን ወደ አሩሻ በረርን። ወደ አገራችን የተነሳነው ከኪሊማንጃሮ አየር ማረፊያ ነው። ወንድሜ ሻንጣውን እያስመዘገበ ድንገት ቆመ።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«ድሮኔ ናይሮቢ ነው ያለው።»

ከኬንያ የወጣነው ኢሰባኒያ ላይ ነው፤ ድሮኑ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ። ጉዞው ከአንዱ አገር ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ ድርጅቱ ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፣ እኔም ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ዕቃውን በየት አስገብቶ በየት እንደሚያስወጣ ስጠይቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። ደረሰኙ አሁን የኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ናይሮቢ የሚሄድ ሰው እየፈለግን ነው።